ሁለት ብረት እስኪግል

እታገኘሁ የቀለጠውን የበግ ሞራ ለሦስተኛ ጊዜ እያጠለለች ነበር። ነጩን ጨርቅ በጎድጓዳው ሳህን አፍ ላይ ወጥራ፣ ዙሪያውን በክር አስራ፣ ድስቱን በሁለት እጇ ዘንበል አድርጋ ቀስ እያለች ታንቆረቁራለች። በመጀመሪያው ጊዜ የሚወርደው ቢጫ ነው፤ በግ በግ ይሸታል። በሁለተኛው ይጠራል፣ ሽታው ግን አይለቀውም። በሦስተኛው ውሃ መስሎ ይወርድና ሲረጋ እንደ ወተት ይነጣል። ያን ጊዜ አፍንጫን አስጠግተው ቢያሸቱት ምንም የለውም። ምንም ካልሸተተ ነጥሯል።

ላት ቢሆን ይሻል ነበር። የኖርዌይ በግ ግን ጅራቱ ቀጭን ነው፤ ላት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ስለዚህ ቶየን አደባባይ አጠገብ ሥጋ የሚሸጠው ዑመር የኩላሊቱን ሞራ እየለየ ያስቀምጥላታል። ለምን እንደምትፈልገው በመጀመሪያው ቀን ሲጠይቃት ነግራው ነበር። «የእኔ እናት የግመል ሻኛ ነበር የምታቀልጠው» አላት ሶማሌው ዑመር፤ ከዚያ ወዲህ ሳትጠይቀው ያስቀምጣል።

ቶየንና አካባቢው ያለ ሐበሻ ይህን ሞራ ያውቀዋል። ሆቴል ወጥ ቤት የምትሠራው ኣስመረት ክንዷ በፈላ ዘይት ተቃጥሎ፣ ሐኪሞቹ ቁስሉን በደንብ ዘግተውላት፣ ጠባሳው ግን ተኮማትሮ ክርኗ አልዘረጋ ባላት ጊዜ፣ እታገኘሁ ሁለት ወር ሙሉ ጠዋትና ማታ እያሸች አለሰለሰችላት። ኣስመረት ዛሬም ባገኘቻት ቁጥር ክንዷን እስከ ጥጉ ዘርግታ ነው ሰላም የምትላት። ታዲያ እታገኘሁ አንድ የማትጥሰው ሕግ አላት፤ ቁስሉ ሳይዘጋ ሞራ አይነካውም። ትኩስ ቁስል ይዞ በሯን ያንኳኳ ሰው ቢኖር እጁን ቧንቧ ሥር አስገብታ፣ ካፖርቷን ደርባ፣ ራሷ ሐኪም ቤት ታደርሰዋለች።

«እማ፣ አልጨረስሽም?» አለች ሜሉ ከሳሎን።

«ሦስቴ ነው ብዬሻለሁ። አንቺ ወረቀትሽን ጨርሺ።»

«ወረቀቱማ አልቋል። ሠላሳ ኮፒ፣ በከለር። ላንብብልሽ?»

ሜሉ የእታገኘሁ አንድ ልጇ ናት። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ኦስሎ ተወልዳ እዚሁ ቶየን አደገች፤ አሁን የነርስነት ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ቀኑ ሐሙስ ነው፤ አዲሱ ኦፔራ ቤት ከተከፈተ ገና ሳምንት አልሞላውም። ከሰዓት በኋላ ክፍላቸው ውስጥ ተማሪዎች ከየቤተሰባቸው ያገኙትን የቃጠሎ ሕክምና ለአስተማሪያቸውና ለጓደኞቻቸው ያቀርባሉ፤ ዘመድም ተጋብዟል። ሜሉ ማንንም ሳታማክር የእናቷን ሞራ አስመዘገበች። እታገኘሁ ይህን ስትሰማ አንገቷ ቀና አለ። ማታውኑ ደግሞ እንቅልፍ አጣች።

ሜሉ ወረቀቱን ይዛ መጥታ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች። በኖርስክ፣ በኖርዌይ ቋንቋ፣ የጻፈችውን ለእናቷ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበች።

«‘ይህን ቅባት እናቴ የተማረችው ከአባቷ ከቄስ ዓምሃ ነው። የተቃጠለው አካል መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ አባታችን ሆይ አርባ ጊዜ እስኪደገም እዚያው ይቆያል። ቅባቱ የሚመጣው ቁስሉ ከተዘጋ በኋላ ነው።’ ልክ ነው አይደል?»

እታገኘሁ ድስቱን አስቀመጠች። «ልክ ነው» አለች፣ ፊቷን ወደ ሳህኑ እንዳደረገች።

ልክ አልነበረም። ዓምሃ ቄስ ሆኖ አያውቅም። መንዝ ውስጥ ከመንደር ወጣ ብላ በምትገኝ ጎጆ የሚኖር አንጥረኛ ነበር። ማረሻውንም ማጭዱንም መጥረቢያውንም ለሀገሩ ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው፤ የሠራውን ተቀብሎ ቤቱ የሚያስገባው ግን አንድም ሰው አልነበረም። ዓይኑ ሰው ይበላል ይሉታል። ጠይብ ይሉታል፣ ቡዳ ይሉታል። ልጆቹ ሲያልፉ እናቶች ሕፃናቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። እነዚያው እናቶች ሕፃኑ ምድጃ ውስጥ የወደቀ ዕለት ተሸክመውት የሚሮጡት ወደ ዓምሃ ነበር። ከእሳት ጋር የሚውል ሰው የእሳትን ነገር ያውቃልና።

ውሸቱን የጀመረው ባሏ በየነ ነው። ካርቱም ውስጥ በስደት ሳሉ ሊያገባት ሲል ጓደኞቹ ዘሯን ጠየቁት። «የቄስ ልጅ ናት» አላቸው። በኋላ ለብቻቸው ሲሆኑ፣ «እዚያ ድረስ ሄዶ የሚያጣራ የለም፤ ተይው» አላት። ስለሚወዳት ነው የዋሸው፤ እሷም ስለምትወደው ተወችው። ሜሉ ስድስት ዓመቷ እያለ ጣቷን ምጣድ አቃጥሏት እናቷ ውሃ ውስጥ ነክራላት ሳለ፣ «እስከ መቼ ነው?» ብላ አለቀሰች። እታገኘሁ ከአባቷ የተማረችውን ልትናገር ነበር። በየነ በሩ ላይ ቆሟል፤ እንግዶችም ነበሩ። «አርባ አባታችን ሆይ እስኪደገም» አለች። በየነ ከሞተ አራት ዓመቱ፤ አርባው ጸሎት ግን ዛሬ በከለር ታትሞ ሠላሳ ኮፒ ሆኗል።

ይህ ሁሉ ባላስጨነቃት፤ ዛሬ ግን ዓለምጸሐይ ትመጣለች። ዓለምጸሐይ ሊንደሩድ የሚባለው የኦስሎ ሰፈር የምትኖር የሃያ ዓመት ወዳጇ ናት፤ እሷም የመንዝ ሰው። ልጇ ኖኤልና ሜሉ በሐምሌ ቀለበት ሊያስሩ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ስልክ ደውላ ብዙ ካወራች በኋላ፣ እንደ ዋዛ፣ «ለመሆኑ አባትሽ የየትኛው ደብር ቄስ ነበሩ? እህቴ ከሀገር ቤት ጠይቂ ብላኝ ነው» ብላት ነበር። እታገኘሁ አንድ ደብር ጠራች።

የረጋውን ሞራ በትንሽ ብልቃጥ ሞላች፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችው። በምድር ባቡር ሄዱ።

ክፍሉ ሰፊና ብርሃን የሞላበት ነበር። ተማሪዎቹ ሃያ አምስት ይሆናሉ። አስተማሪያቸው ቱሪል ሽበቷን አጭር የተቆረጠች ሴት ናት፤ በወጣትነቷ የቃጠሎ ክፍል ነርስ እንደነበረች ሜሉ ነግራታለች። ከኋላ ወንበር ላይ ኖኤልና እናቱ ተቀምጠዋል። ዓለምጸሐይ የቤተክርስቲያን ነጠላዋን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ለእታገኘሁ እጇን አውለበለበችላት።

ከነሜሉ በፊት ያቀረበችው ከሰሜን የመጣች ቀይ ፀጉር ልጅ ነበረች። ዓሣ አጥማጅ የነበረው አያቷ ገመድ መዳፉን በላጠው ቁጥር የዓሣ ጉበት ዘይት ይቀባ እንደነበር ተናገረች፤ ጠርሙሱንም አዙራ አስሸተተች። ክፍሉ በሙሉ አፍንጫውን ያዘ። እታገኘሁ ብቻ ደጋግማ አሸተተችና፣ «አላጠለሉትም» አለች ለሜሉ በአማርኛ።

«እማ፣ ዝም በይ።»

ተራቸው ሲደርስ ሜሉ ጥሩ አድርጋ አቀረበች። ብልቃጡ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ አሸተቱት፣ ምንም አጡ፣ ተገረሙ። ቁስሉ ሳይዘጋ አይቀባም የሚለው ላይ ስትደርስ ቱሪል ራሷን ነቀነቀች።

«ይህ ነው ዋናው» አለች ቱሪል። «የእኔ አያት ትኩስ ቃጠሎ ላይ ማርጋሪን ትቀባ ነበር። ቅባት ሙቀቱን ውስጥ ያፍነዋል። እዚህ ግን መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ትዕግሥት፣ መጨረሻ ላይ ቅባት። በጣም ጥሩ ነው።»

እታገኘሁ ኖርስኩን ሰምታዋለች። ትከሻዋ ሰፋ።

ከፊት የተቀመጠ መነጽር ያደረገ ልጅ እጁን አነሳ። «አርባ አባታችን ሆይ ስንት ደቂቃ ነው?»

ሳቅ ሆነ፤ የክፋት ሳቅ አልነበረም።

«አያቴ አንዱን በአሥራ አምስት ሰከንድ ትጨርሰዋለች» አለች ሌላዋ። «ምግብ እንዳይቀዘቅዝ።»

ቱሪልም ሳቀች። ቀጥላ እንደ አስተማሪ ማሰብ ጀመረችና ወደ ሰሌዳው ዞረች። «አርባ በአሥራ አምስት፣ አሥር ደቂቃ። እኛ የምናስተምረው ሃያ ነው። እንግዲህ ውሃው ትክክል ሆኖ ጊዜው ያጥራል ማለት ነው። ልማድን ስንመረምር እንዲህ ያለውንም እንመዘግባለን።» ሰሌዳው ላይ ‘10’ ጻፈችና ከጎኑ፣ ‘አይበቃም’ አለች። ተማሪዎቹ አቀርቅረው ጻፉ።

እታገኘሁ ሰሌዳውን አየች። የአባቷ ሥራ በግማሽ ተቆርጦ ተሰቅሏል። ዓምሃ ግማሽ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ጥርሱ ያልሰላ ማጭድ ከእጁ አይወጣም፤ ያልጠናን ማረሻ ሰው እየለመነው መልሶ እሳት ውስጥ ይከታል። እንደ ቡዳ፣ እንደ ሰው በላ መታየቱን ችሎ ኖረ። ሥራው ጎደሎ ነው ሲባል ግን አንድም ቀን ዝም ብሎ አያውቅም።

ደግሞም ጎደሎው የእሷ ነው። አርባውን ጸሎት ያመጣችው እሷ ናት። ከነዚህ ልጆች አንዱ ነገ በአሥር ደቂቃ የሰው እጅ ከውሃ ቢያወጣስ?

ወደ ኋላ ወንበር አየች። ዓለምጸሐይ ፈገግ ብላ ተቀምጣለች።

«ሜሉ» አለች በዝግታ። «አንጥረኛ በኖርስክ ምንድን ነው የሚባለው?» ይህን ቃል ኖርዌይ በኖረችበት ሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ማንንም ጠይቃ አታውቅም።

«ስሜ።»

«ስምሽን አልጠየቅኩሽም።»

«ናይ፣ አይደለም እማ። ቃሉ ነው። ስሜ ነው የሚባለው። ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ዴ አለች፣ አትነበብም። ምነው?»

እታገኘሁ ከወንበሯ ተነሳች። ቃሉን አንዴ በሆዷ ደገመችው። ከዚያ በራሷ ኖርስክ፣ ቀጥ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል ለይታ፣ «ሚን ፋር ቫር ስሜ» አለች። አባቴ አንጥረኛ ነበር። «ፕረስት፣ ቄስ አልነበረም። ወረቀቱ ተሳስቷል። የተሳሳተው በእኔ ነው።»

ኖርዌጂያኖቹ ቃሉ ምን ያህል እንደሚከብድ አላወቁም። ደስ ብሏቸው ወደፊት ጠጋ አሉ፤ ያ መነጽር ያደረገው ልጅ ጭራሽ እስክሪብቶውን አነሳ። ከኋላ ግን የዓለምጸሐይ ፈገግታ ቆመ። ዓይኗን ወደ ቦርሳዋ ዘለበት አወረደች።

እታገኘሁ ከዚህ በኋላ በአማርኛ ቀጠለች፤ ሜሉ፣ ድምፅዋ መጀመሪያ እየተንቀጠቀጠ፣ ተረጎመች።

«አባቴ የሚቆጥረው በብረት ነው። የተቃጠለ ሰው ሲመጣለት ብረት የሚያበርድበት ገንዳ አጠገብ ያስቀምጠዋል። ውሃው በየጠዋቱ ይለወጣል። በረዶ አይደለም፤ ትኩስ ብረት ሲነከርበት ስለሚውል ብርዱ የተሰበረ ነው። እጁን እዚያ ያስገባና ማረሻ እሳት ውስጥ ይከታል። ‘ብረቱን እያየህ ቆይ’ ይለዋል። ወናፉ ይነፋል። ብረቱ ይግላል፤ አውጥቶ ይቀጠቅጠዋል። ሰውዬው እጁን ሊያወጣ ሲል፣ ‘ገና ነህ’ ይለውና ሁለተኛውን ይከታል። ሁለት ብረት እስኪግል ነው።»

«አንድ ብረት እስኪግል ስንት ደቂቃ ነው?» አለች ቱሪል።

«ማረሻ ከሆነ፣ ከሰሉም ጥሩ ከሆነ፣ አሥር። ወናፉን የምነፋው እኔ ስለነበርኩ አውቀዋለሁ።»

ቱሪል ሰሌዳው ላይ የነበረውን ‘10’ እና ‘አይበቃም’ በእጇ አጠፋች። ‘20’ ጻፈች። ከሥሩ ሁለቴ አሰመረችበት።

«ታዲያ ጸሎቱ ለምን መጣ?» አለች ቀይ ፀጉሯ።

እታገኘሁ ትንሽ አሰበች። «የአንጥረኛ ልጅ መባል አፍሬ ነው። ለምን እንዳፈርኩ ብነግራችሁ ቀኑ አይበቃንም። ግን ልክ አልነበረም። የሚያመው ሰው ጸሎቱን ያሮጠዋል። ብረቱን ማንም አያሮጠውም።»

ሜሉ ይህን ስትተረጉም ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

ቱሪል የእረፍት ሰዓት መድረሱን ተናገረች። ተማሪዎቹ ሲወጡ ብዙዎቹ እታገኘሁን ጨበጧት፤ መነጽር ያደረገው ልጅ ስለ ወናፉ ቆዳ ሊጠይቃት ፈልጎ ቃል አጠረው። ሜሉ ሠላሳውን ወረቀት በር ላይ ልታድል ስትነሳ እናቷ መዳፏን ክምሩ ላይ ጣለች።

«እሱን አትስጪ።»

«እሺ። ግን እማ፣ ለእኔስ ለምን አልነገርሽኝም?»

እታገኘሁ መልስ ከመስጠቷ በፊት ኖኤል መጣ። «አያትሽ ስሜ ነበሩ? ፌት» አላት ለሜሉ።

«ምንድን ነው ፌት?» አለች ከኋላው የመጣችው እናቱ።

«ጥሩ ማለት ነው፣ እማ።»

«ሞራ ማለት ነው» አለች ሜሉ። «ልጆች ጥሩ ነገር ሲያዩ ሞራ ነው ይላሉ።»

ዓለምጸሐይ አልሳቀችም። «እናንተ ውጪ ጠብቁን» አለች። ሜሉ አልወጣችም፤ ከእናቷ ጎን ቆመች። ኖኤል ብቻውን ወጣ። ዓለምጸሐይ አንድ ወንበር ስባ፣ በመጀመሪያ ትንሽ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው፤ ከዚያ ራሷ አየችውና አስጠግታ ተቀመጠች።

«ሃያ ዓመት ዋሸሽኝ።»

«ዋሸሁሽ።»

«በየነ ነው ያስዋሸሽ?»

«እሱ ጀመረው። የቀጠልኩት እኔ ነኝ።»

«ደብሩንስ? ያን የሚያህል ደብር?»

«የሰማሁትን ነው የጠራሁልሽ።»

ዓለምጸሐይ የቦርሳዋን ዘለበት ከፈተች፣ ዘጋች። «ሃያ ዓመት ከእጅሽ በልቻለሁ» አለች። «እንዲያውም ወፈርኩ።»

እታገኘሁን ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ የወዳጇን ፊት አይታ ተወችው።

«እኛም ዘንድ አንጥረኛ ነበረ» አለች ዓለምጸሐይ። «ታናሽ ወንድሜ ሕፃን ሳለ እግሩ ፍም ውስጥ ገባ። አባቴ ታቅፎት ሮጠ። ሦስት ሳምንት ተመላልሶ አዳነው። ወንድሜ ዛሬ እዚያው ሀገር ያርሳል፤ ሲሄድ ብታይው እግሩ ተቃጥሎ ያውቃል አትዪም። ሰውየው የድካሙን እህል ሊቀበል ሲመጣ ግን ደጅ ነው የሚቀመጠው። ዝናብም ቢሆን። ስሙን አላውቀውም፣ እታገኘሁ። ‘አንጥረኛው’ ነው የምንለው። ስም ይኖረዋል ብዬም አስቤ አላውቅ።»

«የእኔ አባት ስሙ ዓምሃ ነው።»

«ሜሉ ስታነብ ሰማሁት።» ከክምሩ አንድ ወረቀት አነሳች፤ መነጽሯን አደረገች። «እዚህ ላይ ነው ፕረስት የሚለው?»

«እዚያ ላይ ነው» አለች ሜሉ።

«ታዲያ ውሸት ተጽፎ ለሰው አይታደልም። እስክሪብቶ የለሽም?» ሜሉ ሁለት እስክሪብቶ ስታወጣ፣ ዓለምጸሐይ ሦስተኛውን ከራሷ ቦርሳ አወጣች። «እህቴ እንደሆነች መስማቷ አይቀርም። ትስማ። እኔ ራሴ ነው የምነግራት፤ አባባሌን እኔ ነኝ የማውቀው።» ቀጥላም፣ «ስለ ሐምሌው ደግሞ» አለች።

እታገኘሁ እስክሪብቶውን እንደያዘች ቀረች።

«የእኔ ቤት ይጠባል። አንቺ ዘንድ ይሁን ብዬ ነው። ምግቡን ግን ግማሹን እኔ እሠራለሁ፤ ወጥሽ ጨው ይበዛበታል። ሃያ ዓመት ሙሉ እሱንም ሳልነግርሽ ነው የኖርኩት።»

«ውሸታም» አለች እታገኘሁ።

ሦስቱ ጠረጴዛውን ከበው ተቀመጡ። ወረቀቱን በሦስት ተካፈሉት፤ ለእያንዳንዳቸው አሥር። ሜሉ የመጀመሪያውን ሠርታ አሳየቻቸው፤ ‘ፕረስት’ የሚለውን በአንድ ቀጭን መስመር ሰርዛ ከላዩ ትክክለኛውን ቃል ጻፈች፤ ከታች ‘አባታችን ሆይ አርባ ጊዜ እስኪደገም’ የሚለውን ሰርዛ ‘ሁለት ብረት እስኪግል’ አለች።

«ዴዋን እንዳትረሱ» አለች። «ባትነበብም ትጻፋለች።»

እታገኘሁ በደንብ ነው የጻፈችው፤ ፊደሉ ከታተመው ጋር እኩል እንዲሆን እየተጠነቀቀች። በጻፈች ቁጥር ለራሷ አነበበችው። ስሜ። ዓለምጸሐይ ቀድማ ጨረሰች፤ የጻፈችው ግን ዘመም ዘመም ያለ ነበር፤ እታገኘሁ ሁለቱን መልሳ አሳረመቻት።

«እንደ አባትሽ ሆንሽ» አለች ዓለምጸሐይ።

«እሱ ቢሆን ሁሉንም ነበር የሚመልስልሽ።»

የመጨረሻውን ወረቀት እታገኘሁ ጨረሰች። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለችበት። የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠመች፤ ሠላሳውን ወረቀት አንድ ላይ ይዛ ዳርና ዳሩን ጠረጴዛው ላይ እየመታች አስተካከለችና ተማሪዎቹ ሲመለሱ እንዲያነሱት በሩ አጠገብ አስቀመጠችው።